የደምሴ ቁልቁለት

ይህን የምጽፈው ሆሳዕናን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ወደፊትም የመሄድ ሐሳብ ለሌላችሁ ለጉለሌ ጎረቤቶቼ ነው። የሄደ ሰው አያምነኝም። «ጉሙ እኮ ይህን ያህል አይወፍርም» ብሎ ይከራከረኛል። ያልሄደ ሰው ግን አፉን ከፍቶ ይሰማል፤ ለእኔ የሚመቸኝም እንዲህ ያለው ነው።

ስሜ ደምሴ ነው፤ ሥራዬ ቦቴ መንዳት። ነዳጅ ጭኜ ስዞር ጸጉሬ ሸበተ፣ ሆዴም ቦቴ አከለ። በወጣትነቴ ኦጋዴን በረሃ ነዳጅ ፍለጋ ለሚቆፍሩ ፈረንጆች ስሠራ ነበር፤ ለሙከራ ከጉድጓዱ የሚወጣውን ድፍድፍ ወደ ማጠራቀሚያው አመላልሳለሁ። ድፍድፍ እንደ ላምባ የጠራ እንዳይመስላችሁ። ጥቁር ነው፣ ይወፍራል፣ ሽታው ከልብስ ቢለቅ ከቆዳ፣ ከቆዳ ቢለቅ ከህልም አይለቅም። ባለቤቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የተኛችው። አገሩ ግን ለሹፌር ገነት ነው። ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ፤ መሪውን በገመድ አስሮ መተኛት ይቻላል። አንድ ቀን እንዲሁ ተኝቼ ስነቃ ግመሎች ከፊትና ከኋላ አጅበውኝ ሲሄዱ አገኘሁ። በዚያ በረሃ ያደገ ሹፌር ፍሬን የሚይዘው ምሳ ሲደርስ ብቻ ነው።

ኋላ ወደ ደጋው መጣሁና ላምባና ናፍጣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ከምባታ ከተሞች ማመላለስ ያዝኩ፤ ላምባው ለኩራዝ፣ ናፍጣው ለወፍጮ። በዚያ መስመር ቦቴ የምንነዳ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እኔና ኤርጃቦ። ኤርጃቦ የአንጋጫ ልጅ ነው፤ ከምባታ፣ ጸሎተኛ፣ መጠጥ የማይቀምስ። እኔ ሁልጊዜ በሻሸመኔና በአላባ ዞሬ ከታች እገባና በፎንቆና በቡታጅራ በኩል ባዶዬን እመለሳለሁ። እርሱ የዚህ ግልባጭ ነው። አገሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ከአላባ በኩል የቦቴ ክላክስ ከተሰማ «ደምሴ መጣ»፣ ከፎንቆ በኩል ከተሰማ «ኤርጃቦ መጣ» ይላሉ።

በዚያ ጉዞ ግን መንገድ ተቀያየርን። የዝናቡ ማብቂያ ላይ ነበር፣ መስቀል ሊደርስ ሲል።

«ደምሴ፣ ለዛሬ አንተ በቡታጅራ ግባ፤ እኔ በሻሸመኔ ልዙር» አለኝ ኤርጃቦ።

«ምን አለ ሻሸመኔ?»

«ቆርቆሮ ገዝቻለሁ። ከመስቀል በፊት ቤቴን ልከድን ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ለሥራው ቀን ቆርጦልኛል።»

«ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጮህ ማርታ ማንኮራፋትህን አትሰማም፤ ለእርሷ ስል እሺ» አልኩት፤ ማርታ ሚስቱ ናት።

እርሱ ቅዳሜ ወጣ። እኔ ራዲያተሬ ሲበየድ ቆይቼ ማክሰኞ ተነሣሁ።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ ስንወጣ ፀሐይ ነበረች። ረዳቴ ጋሼ ወርቁ ከጎኔ ተቀምጧል። በዕድሜ የሚበልጠው ረዳት ያለው ሹፌር በአገራችን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ጋሼ ወርቁ በዓመት ሦስት ጊዜ ይናገራል፤ ሁለቱን «ጎማው ተንፍሷል» ለማለት ያውለዋል።

ዓለም ገናን ካለፍን በኋላ መንገዱ መንገድ መሆኑን ተወ። የጉለሌ ጭቃ ጫማ ይይዛል፤ የዚያ አገር ጭቃ መኪና ይይዝና የማንነቱን ይጠይቃል። ቡታጅራ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ያሳደሩን አንድ ባልና ሚስት ናቸው፤ አልጋ ሞልቶባቸው የራሳቸውን ለቀው እነርሱ በረት ካለበት ክፍል ገቡ። በጉለሌ እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝ ሰፈሩ «ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ ሳምንት ይመካከርበታል። ቁንጫው ግን የቤቱን ደግነት አልወረሰም። ሌሊት ቁንጫዎቹ አንስተውኝ ወደ በሩ ሲወስዱኝ ጋሼ ወርቁ እግሬን ይዞ ባያስቀረኝ ኖሮ ይህን የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር።

ረቡዕ

ጠዋት ጉም ወረደ። አዲስ አበባም ጉም አለ ትሉኛላችሁ። የእኛው ጉም እንጦጦ ላይ ተቀምጦ ከተማውን የሚያይ ጨዋ ነው። የዚያኛው ገብቶ አብሮህ ይቀመጣል። የመኪናዬን አፍንጫ አላየሁም፤ ከግራና ከቀኝ የእንሰት ቅጠል እንደ ሰው እጅ ብቅ ይልና ጎማው ሲያልፍ ተመልሶ ይጠፋል።

ፎንቆ ሳንደርስ ረግረግ ውስጥ ሰመጥን። ይህ አያስጨንቅም። በሐድያ አገር መኪና ከተያዘ ሞተሩን ሳታጠፋ ሰው ይደርስልሃል፤ አንዱ ዶማ፣ አንዱ ገመድ፣ አንዱ ከጎማው ሥር የሚነጠፍ እንሰት ተሸክሞ ይመጣል፣ ገፍቶ ያወጣሃል፣ ስምህን እንኳ ሳይጠይቅ ወደ ሥራው ይመለሳል። ስለዚህ ክላክስ ነፋሁና ሲጋራዬን አውጥቼ ጠበቅሁ። (ከመኪናው ርቄ ነው ያጨስሁት፤ ያን ያህል ቂል አይደለሁም።)

መጡ። ከጉሙ ዳር ላይ ቆሙ። ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች ናቸው፤ ወገባቸው ድረስ ይታያሉ፣ ከዚያ በታች ጉም ነው። ማንም አልቀረበም።

«እንደምን አደራችሁ» አልኩ።

አንደኛው ቀስ ብሎ «ደምሴ» አለ። ጥሪ አልነበረም፤ ለጎረቤቱ እንደሚነግር ሰው ነው ያለው። ከዚያም ፊታቸውን ሳያዞሩ ወደ ኋላ ተራመዱ፣ ጉሙም ዋጣቸው። ዶማውን መሬት ላይ ትተውልን ሄዱ።

«ጋሼ፣ አላወቁኝም እንዴ?»

«አውቀውሃል» አለ ጋሼ ወርቁ።

«ታዲያ ለምን ሸሹ?»

«ስላወቁህ ይሆናል።»

እየቆፈርን ወጣን። ዶማውን እዚያው አቁመንላቸው ሄድን። ዘወር ብዬ ሳይ ሊወስደው የወጣ ሰው አልነበረም።

ፎንቆ ላይ የእትዬ አመለወርቅ ምግብ ቤት አለ። ቆጮዋ፣ ጎመኗ፣ አይቧ፣ ከሁሉ በላይ ቅቤዋ። አዲስ አበባ በቅቤ ስም የሚሸጡልንን ነገር አምጥቼ ባቀምሳት በስድብ ትከሰኛለች። ባለፈው ጉዞዬ አንጀቴ እስኪርስ በልቼ «እትዬ፣ ብሞት እንኳ ይህን ቅቤ ለመብላት ተመልሼ እመጣለሁ» ብያት ነበር። እርሷም በማማሰያ ትከሻዬን መትታኝ ነበር። እኛ እንዲህ ነን፤ ስትሰድበኝ ይመቸኛል።

ያን ቀን ስንገባ በላተኛው ሁሉ ተነሥቶ በጓሮ በር ወጣ። ማንም አልሮጠም፤ አንዱ እንዲያውም ቁራሹን በእጁ እንደያዘ ነው የሄደው። እትዬ አመለወርቅ ለጋሼ ወርቁ አንድ ገበታ አቀረበችና ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ «ብቻዎትን ነዎት?» አለችው።

ጋሼ ወርቁ ወደ እኔ አየ። «ምን ላድርግ፤ ከእሱ ጋር ነኝ» አላት።

የያዘችው ሳህን ከእጇ ወደቀ።

«እትዬ፣ ለእኔስ?» አልኩ።

ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ሌላ ገበታ አመጣች፤ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረችና በመጥረጊያ እንጨት ወደ እኔ ገፋችው። ቅቤው ከወትሮው እጥፍ ነበር። ስበላ በበሩ ስንጥቅ ታየኛለች፤ እያንዳንዱን ጉርሻ የት እንደሚገባ ለማወቅ የምትከታተል ይመስላል። ሃያ ዓመት ቀልጄ ሰው አሥቄአለሁ፤ ያን ቀን ግን ምን ተናግሬ እንደቀለድሁ ራሴም አላወቅሁም። ስንነሣ «ደህና ሁኚ እትዬ» ብላት «በሰላም ዕረፍ» አለችኝ።

ሆሳዕና የገባነው ከቀትር በኋላ ነው። መናኸሪያው ባለበት በኩል ስናልፍ ጭነት የሚያወርዱት፣ «አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ» እያሉ የሚጣሩት፣ ሻይ የሚጠጡት ሁሉ አንድ ላይ ዝም አሉ። የጠቅላይ ሚኒስትር መኪና ሲያልፍ እንኳ እንዲህ ዝም አይባልም። አንድ ተሸካሚ ከረጢቱን በጀርባው እንዳዘለ ዞሮ ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ።

ነዳጁን የሚረከበኝ ሐጂ ሸምሱ ነው፤ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሆሳዕና የከበረ ነጋዴ፣ ጨው፣ ሸማ፣ ላምባ የሚሸጥ። ቦቴዬ ሲቆም የሱቁ በር ከውስጥ ተቀረቀረ። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«ደምሴ ነኝ ሐጂ፤ ክፈት።»

«የቱ ደምሴ?»

«ስንት ደምሴ ታውቃለህ?»

ከበሩ ጀርባ «አንድ አውቅ ነበር» አለ።

ወገኖቼ፣ «ነበር» የምትለውን ቃል በራሴ ላይ ስትነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ሐጂ፣ ምን ሆነሃል?»

«ደምሴ ከሆንክ ይህን ብላ።» በመስኮቱ ቀዳዳ ቁራሽ ቆጮ ወጣ፤ ላዩ ላይ የዚያ አገር ዳታ ተለድፎበታል። ዳታ የሚጥሚጣ አያት ነው፤ አንድ ማንኪያው እንጦጦ ያለውን የምንጭ ውሃ ሁሉ ያስጠጣል። በላሁ። ዓይኔ ፈሰሰ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ራሴ ላይ ላብ ግጥም አለ፣ ሳልኩ፣ ስለ ሐጂ ሸምሱ ቤተ ዘመድ የማይደገም ነገር ተናገርኩ።

በሩ ተከፈተ። «ሙት አያልበውም» አለና አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ጥቂት ቆይቶ ተቆጣ። «አንተ ሰውዬ፣ ሱቄን ዘግቼ እኮ ነው ያለቀስኩልህ። ዱዓ አስደርጌልሃለሁ። አሁን ይህን ዱዓ ማን ይመልስልኛል?»

አስቀመጠንና ነገሩን ነገረን። ሰኞ ዕለት ከአላባ ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ፣ ዳገቱን አልፎ ባለው ቁልቁለት ላይ፣ አንድ ቦቴ ተገልብጦ ተቃጥሏል። ሹፌሩ አልወጣም። በዚያ በኩል የሚመጣ ቦቴ የደምሴ ነው። ወሬው ማክሰኞ ሆሳዕና ገባ፣ ረቡዕ ፎንቆ ደረሰ።

«አንጋጫ ላይ ለቅሶ ተቀምጠውልሃል፤ ኤርጃቦ ቤት» አለ ሐጂ። «'በዚህ አገር ዘመድ የለውም፤ የባሌ ወንድም ነው' ብላ ማርታ ናት ሰሌን ያስነጠፈችው። ሰው ከየቀበሌው እየጎረፈ ነው።»

ሣቅኩ። የፎንቆዋን ሴት፣ ዶማውን ጥለው የሄዱትን፣ ባርኔጣውን ያወለቀውን ተሸካሚ አስቤ፣ የሐጂ መደርደሪያ ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ እስኪንኳኳ ሣቅኩ። ሐጂም አብሮኝ ሣቀ። ጋሼ ወርቁ አልሣቀም። ሁለታችንም እስክንጨርስ ጠበቀና «ሹፌር፣ በዚያ በኩል የሄደው ማነው?» አለ።

ሐጂ ሸምሱ አፉን በእጁ ያዘ። እኔ ከሞት ስነሣ የሞተው ኤርጃቦ ነበር። በአገሩ ሁሉ ላይ ይህን የምናውቅ ሦስት ሰዎች ነን፤ ማርታ እንግዶቿን እያስተናገደች ለእኔ ታለቅሳለች።

«አትሂድ» አለ ሐጂ። «መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው። ሽማግሌ ይላክ።»

«ሐጂ፣ መናኸሪያው ሁሉ አይቶኛል። ነገ አንጋጫ የሚሄድ ነጋዴ ሁሉ 'ደስ ይበልሽ፣ ደምሴ አልሞተም' እያለ እየሮጠ ይገባል። ከደስታው ውስጥ መርዶዋን ራሷ ታወጣዋለች። ከእነርሱ ቀድሜ ሽማግሌዎቹ ጋ መድረስ አለብኝ።»

ስልክ ልንደውል አስበን ነበር፤ ሽቦው ከዝናቡ ጋር ወድቋል።

ሐሙስ

ሐጂ ገና ሳይነጋ ቁርስ አቀረበልን፤ ቅቤ የዋኘበት ቡላ ነው። መቼም በዚያ አገር ሐዘንም ቢሆን በባዶ ሆድ አይሸኙህም። አልወረደልኝም። ይህን ስጽፍ ባለቤቴ ከኋላዬ ሆና እያነበበች «እዚህ ላይ አጋንነሃል» ትለኛለች፤ እውነቴን ነው፣ አልወረደልኝም።

ግማሹን ነዳጅ ሆሳዕና አራግፈን ግማሹን ይዘን ወጣን። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ሙሉ ቦቴ ከባድ ነው እንጂ ጨዋ ነው። ባዶውም ቀላል ነው። ክፉው ግማሽ የሞላው ነው። አንተ ስትቆም ነዳጁ አይቆምም፤ ከኋላ ተንከባሎ ይመጣና እንደ ሰካራም ዘመድ ጀርባህን ይገፋሃል። ስለዚህ በአህያ እርምጃ ነዳሁ። ጉሙ አልተነሣም። በቦቴው ሆድ ውስጥ ላምባው ሲንቦጫረቅ የሚያሰማው ድምፅ፣ ሁልጊዜ የምሰማው ድምፅ፣ ያን ቀን የሆነ ሰው ከኋላችን ቀስ ብሎ የሚያወራ መሰለኝ። ጋሼ ወርቁም ሰምቶታል መሰለኝ መስኮቱን ዘጋው።

አንጋጫ ክላክስ ሳልነፋ ገብቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ከከተማው ርቄ መኪናውን አቆምኩና ለጋሼ ወርቁ ትቼ በእግሬ በእንሰቱ መካከል ገባሁ። ሦስት እርምጃ ሳልሄድ አዳለጠኝና በቂጤ ቁጭ አልኩ። ቀና ስል አቶ ላምቦሬ ከፊቴ ቆመዋል። የኤርጃቦ አጎት ናቸው፤ ረዥም፣ ከዘራቸው ከእርሳቸውም የሚረዝም። ለእኔው ለቅሶ እየሄዱ ነበር።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ሙት ሲያዳልጠው አላየሁም» አሉና እጃቸውን ሰጥተው አነሡኝ።

ነገርኳቸው። ሲሰሙ ፊታቸው አልተለወጠም፤ ከዘራው ግን ጭቃው ውስጥ ቀስ እያለ ሲሰምጥ አየሁ።

«ማንም እንዳያይህ» አሉ። «ከጓሮ ያለው ቤት ግባ። ሽማግሌ ልሰብስብ። ነገ ጠዋት በወጉ እንነግራታለን።»

በእንሰቱ ውስጥ አዙረው ወሰዱኝ። የለቅሶው ድምፅ ከጉሙ ውስጥ ይመጣል። ግማሹ ወገን መዝሙር ይዘምራል፤ እነርሱ ወንጌላውያኑ ናቸው፣ ሙሾ አይወዱም። አሮጊቶቹ ግን መዝሙሩ ትንፋሽ ሲወስድ ጠብቀው ሙሾአቸውን ያስገባሉ። አቶ ላምቦሬ ተረጎሙልኝ። ባሕር ያሻገርኩ ጀግና ነኝ። እሳት ተሸክሜ ስሄድ እሳት የሚፈራኝ። ቁመቴ የዋርካ ነው፣ ድምፄ የአንበሳ፣ ከእጄ ላይ የሌሊቱ ብርሃን የሚቀዳ። ስዋሽ ነው የኖርኩት፤ እነዚያ አሮጊቶች ግን አስተማሪዎቼ ሊሆኑ ይችላሉ።

እዚያው እንደቆምን ማርታ ከቤቱ ወጣች። ለእንግዶች መቀመጫ የሚነጠፍ የእንሰት ቅጠል ልትቆርጥ ነው፤ ቢላ ይዛለች። ቀና አለች።

መጀመሪያ ፊቷ በራ። እንዲህ ያለ ብርሃን ባለቤቴ ፊት ላይ እንኳ ለእኔ ሲሆን አላየሁም። ሁለት እርምጃ ወደ እኔ መጣች። ሦስተኛውን አልጨረሰችውም።

«ጋሽ ደምሴ» አለች። «ከየት በኩል መጣህ?»

ዕድሜዬን በውሸት ኖሬአለሁ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ለጨዋታ ስል። ግመል አጀበኝ ብያለሁ፣ ቁንጫ ተሸክሞኝ ሄደ ብያለሁ። ውሸት ምሕረት የሚሆንበት አንድ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር።

«በአላባ» አልኳት።

ዓይኗ ወደ ጫማዬ ወረደ። የአላባ መንገድ አፈሩ ቀይ ነው። ጫማዬ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የደረቀው የፎንቆ ረግረግ፣ ጥቁሩ ነው።

«እሺ» አለች።

አልጮኸችም። ቅጠሏን ቆረጠች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ክንዷ ላይ ደርባ ወደ ቤት ተመለሰች። አቶ ላምቦሬ ሊከተሏት ፈለጉና ቆሙ። ጥቂት ቆይቶ ከለቅሶው ውስጥ ድምፅዋን ለየሁት። አሮጊቶቹ አሁንም ደምሴ ይላሉ። እርሷም ደምሴ ትላለች፤ ግን ለማን እንደምታለቅስ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እርሷና እኛ ብቻ ነን የምናውቀው። ከሰማሁት ድምፅ ሁሉ የሚያስፈራኝ ያ ነው። ስሜን እየጠራች በስሜ ሌላ ሰው ትቀብር ነበር።

ከጓሮው ቤት በጭለማው ተቀመጥኩ። ቀትር አለፈ። ኋላ በጉሙ ውስጥ የእህል ጭነት መኪና ሲያቃስት፣ ቀጥሎም ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማሁ። ብቻውን የሚንኳኳ ቆርቆሮ፤ ወደ እኛ ይቀርባል። የጓሮው በር ተገፋ፣ ቆርቆሮ የተሸከመ ሰው ገባ። ፊቱ አይታይም፤ ቆርቆሮው ሸፍኖታል። እግሩን አየሁ። የኤርጃቦ እግር ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያች ሰዓት ዳታ ላቀምሰው ዳዳኝ።

ቆርቆሮውን አወረደ። አየኝ። ጉንጩ አመድ መስሏል። «ደምሴ፣ የማን ለቅሶ ነው?» አለ። «እኔን ነው አይደል? ሞተ ብለው ነው? ልግባና ልታይላቸው...»

«አንተን አይደለም» አልኩት። «እኔን ነው።»

አፉን ከፈተ። «አንተን? በእኔ ቤት?»

«ምን ላድርግ፤ ቀደምኩህ።»

እጁን ያዝኩት። ሞቃት ነው፣ ያልበዋል። እንደ ሐጂ ተጠምጥሜ አለቀስኩ፤ እርሱ ግን አላለቀሰም፣ እንደ እንጨት ቆሟል። አቶ ላምቦሬ ማርታን ጠሩ። ስትገባ አየችው፤ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ተንሸራታ ተቀመጠች፣ የኤርጃቦን እግር ይዛ ግንባሯን ጫማው ላይ ጣለች። እርሱም ዝቅ ብሎ ራሷን በእጁ ሸፈነ፤ ግን አሁንም ፈገግ አላለም።

«ከመንገዱ አየሁት» አለ። «ቦቴውን። እኔ ነኝ የላክሁት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻሸመኔ ላይ የኤርጃቦ መኪና ባሌስትራው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ብረት፣ ተሰበረ። አንድ ሹፌር ባዶ ቦቴ ይዞ በዚያ ያልፍ ነበር፤ ከኦጋዴን፣ ድፍድፍ ሲያመላልስ ከርሞ ሥራው አልቆ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ። ኤርጃቦ ጭነቱን እንዲያደርስለት ለመነው። ቱቦ ዘርግተው ግማሹን ነዳጅ ወደ እርሱ ገለበጡ፣ ቀሪው ለሁለተኛ ጊዜ ይሁን ተባባሉ፤ ኤርጃቦም መኪናው እስኪጠገን ሻሸመኔ ቀርቶ፣ ሰውዬው ሳይመለስ ሲቀር በእህል መኪና ተከተለ።

«መንገዱ እንዴት ነው? አለኝ። ደህና ነው አልኩት። ለእኔ ደህና ነዋ። ቁልቁለት አለ ወይ? አለኝ። ትንሽ አለች አልኩት።» ኤርጃቦ መዳፉን አየ። «ልብሱ ድፍድፍ ድፍድፍ ይሸት ነበር።»

ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ሜዳ የለመደ ሹፌር፣ ግማሽ የሞላ ቦቴ፣ ጉም፣ ቁልቁለት። ቀሪውን ማንም አልነገረኝም፤ እንዳየሁት ያህል አውቀዋለሁ።

«ስሙ ማነው?» አሉ አቶ ላምቦሬ።

«አልጠየቅኩትም» አለ ኤርጃቦ። «'ወንድሜ' ነበር የምለው።»

ለቅሶው ቤት ሁለታችንም ስንገባ የሆነውን መግለጽ አልችልም፤ መዝሙሩም ሙሾውም አንድ ላይ ቆመ፣ ሦስት አሮጊቶች በመስኮት ወጡ። (ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛዋ ወፍራም ስለሆነች ቀርታለች።) ሰው ሁሉ አቅፎን፣ ነካክቶን፣ አልቅሶና ሥቆ ሲያበቃ ወጣቶቹ ሰሌኑን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ። አቶ ላምቦሬ በከዘራቸው ሰሌኑን ተጫኑት።

«ተዉት» አሉ። «ሟች አለ። የሚያለቅስለት የለም። አንዴ የተነጠፈ የለቅሶ ሰሌን ሟቹን ሳያገኝ አይታጠፍም።»

«ይህ የአባቶቻችን ሕግ ነው?» አልኳቸው ወደ ጆሮአቸው ተጠግቼ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉኝ።

ተቀመጥን። አንዷ አሮጊት «ስሙን የማናውቀውን በምን እናልቅስለት?» አለች። ሁሉም ወደ እኔ አዩ፤ ወሬኛው እኔ ነኝና። ምን ልጨምርለት እችላለሁ? «የእኔን ስጡት» አልኩ። «ስለ እኔ የተባለው ሁሉ ለእርሱ ነበር፤ ቤት ተሳስቶ ነው።» ባሕር ያሻገረው፣ እሳት የሚፈራው፣ ቁመቱ ዋርካ የሆነው፣ ሁሉንም መለሱለት። ኤርጃቦ ያን ጊዜ አለቀሰ።

ዓርብ

ላምባውን አንጋጫ አራግፈን ባዶአችንን በአላባ በኩል ተመለስን። ማርታ መንገድ ላይ የምንበላው ቆጮና አይብ በቅጠል ጠቅልላ ሰጥታናለች። ስትሰጠኝ «ጋሽ ደምሴ፣ ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ። አትችልበትም» አለችኝ።

ጉሙ ቁልቁለቱ ላይ ተነሥቶ ነበር። ቦቴው ከመንገዱ በታች ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ተኝቷል። ዙሪያው ያለው ሣር ጥቁር ነው፤ ወፍ አይጮኽም፣ የጠብታ ድምፅ ብቻ ከሆዱ ውስጥ ይሰማል፤ የዝናብ ውሃ ነው። የነዳጅ ሽታ ነበረ፣ ከሥሩ ደግሞ ያ የድሮው የድፍድፍ ሽታ። ባለቤቴ ፊቷን ያዞረችለት ሽታ።

አንድ ገበሬ ከማሳው ወጣ። እርሱና ጎረቤቶቹ ያገኙትን ያህል ሰብስበው ከግራር ሥር ቀብረውታል። በራስጌው የመኪናውን በር አቁመውበታል፤ የተቃጠለ በር፣ መስታወቱ የፈሰሰ።

«የእናንተ ሰው ነበር?» አለኝ።

«የእኛ ነው» አልኩ።

«ስሙን ንገረኝ። አስተማሪው በኖራ ይጽፍበታል። ስም ስለሌለው ልጆቼ በዚህ ማለፍ ፈሩ፤ ከብቶቹ እንኳ ዞረው ያልፋሉ።»

ጋሼ ወርቁ አየኝ።

«ደምሴ» አልኩት።

ገበሬው ደጋግሞ አለው፣ እንዳይረሳው። ጋሼ ወርቁ መኪናው ውስጥ ስንገባ «ጥሩ ስም ነው» አለ። በዚህ ጉዞ የተናገረውን ሌላውን ካልቆጠርንበት፣ የዚያ ዓመት ሦስተኛ ንግግሩ ይህች ናት።

ስለ ሰውዬው በአዲስ አበባ ብዙ ጠየቅሁ። ቁፋሮው ተዘግቶ ፈረንጆቹ ሄደዋል፤ እንዲህ ያለ ሹፌር መኖሩን የሚያስታውስ አላገኘሁም። ቦታው ግን ስም አለው። ዛሬ በዚያ መንገድ አዲስ ሹፌር ሲላክ አሮጌዎቹ «የደምሴ ቁልቁለት ላይ በአንደኛ ማርሽ ውረድ» ይሉታል። እኔም ባለፍኩ ቁጥር ክላክስ እነፋለሁ። በራሱ መቃብር ላይ ክላክስ የሚነፋ ሹፌር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በቅርቡ ሻሸመኔ ላይ አንድ ወጣት ሹፌር ምሳ ጋበዘኝ። ማን እንደሆንኩ አያውቅም።

«የቁልቁለቱን ደምሴ ታውቀው ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ጉርሻዬን አስቀመጥኩ። «ከበረሃ የመጣ ሰው ነው» አልኩት። «ልብሱ ድፍድፍ ይሸታል። ሰው መንገድ ላይ ተቸግሮ ሲያይ ቆሞ ጭነቱን የተቀበለ። ከመነሣቱ በፊት መንገዱ እንዴት እንደሆነ ጠይቋል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላውቅም» አልኩት፤ አልጨመርኩም።